እራት እየበሉ ሾው ማየት፦ ለጨነቃት ምራት

«ሰላም እህቴ፣ ዓምድሽን ሁሌ ነው ማነበው ግን ስጽፍልሽ የመጀመሪያዬ ነው። በሚቀጥለው ወር ለአራት ቀን ቫኬሽን ልንወጣ ነው፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ የ5 ዓመት ሴት ልጃችን እና የባለቤቴ እናት። ባለቤቴ እራት እየተበላ ሾው የሚታይበት ቦታ ኢንተርኔት ላይ አይቶ ልቡ ሄዷል፣ ‹የደረስን ለታ ማታ እንግባ፣ ከዛ በኋላ ገንዘቡን ሌላ ነገር ይበላዋል› ይላል። እኔ ደሞ ፈራሁ። አማቴ ሥጋ አይበሉም፣ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል፣ የሀገሩን ቋንቋም አይሰሙም። ትንሿ ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ ሰው አይደለችም። ዋጋው ደሞ በአምስት ሲባዛ ያስደነግጣል። ይሄን ሁሉ ከፍለን ተኮራርፈን ብንመለስስ? ይቅር ልበለው ወይስ እንሂድ? ከሄድንስ የት ብንቀመጥ ይሻላል? — የጨነቃት ምራት»

የኔ እህት፣ ሂዱ። ግን የደረሳችሁ ለታ አትሂዱ። ይሄን ይዘሽ ሌላውን ባታነቢውም አልቀየምሽም።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርሽ። እኔ ራሴ አንዴ ከቤተሰብ ጋር እንደባልሽ ተጣድፌ የመጀመሪያው ምሽት ላይ ቡክ አድርጌ ነበር፣ አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ተኩል ዘገየ፣ ሻንጣ ስንጠብቅ ሌላ ጊዜ ሄደ፣ ሆቴል ገብተን ፊታችንን እንኳ ሳንታጠብ ሮጥን፣ ስንደርስ መብራቱ ጠፍቷል። አንዲት አስተናጋጅ በትንሽ ባትሪ እያበራች በሰው ጉልበት መሃል ይቅርታ ይቅርታ እያልን አሳለፈችን፣ ሾርባችን ቀዝቅዞ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀናል። ታናሽ እህቴ ዳቦውን በእጇ እንደያዘች እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ሰውየው ከጣሪያው በጨርቅ ተንጠልጥሎ ሲገለባበጥ አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ እሷ ጭራሽ አልነቃችም። ከዛ ምሽት የቀረኝ አንድ ፎቶ ነው፣ እሱም ላይ ሾው የለም፣ የእህቴ የተከፈተ አፍ ነው ያለው። አሁን ስናየው እንስቃለን፣ የዛን ለታ ግን ማንም አልሳቀም፣ ምክንያቱም ሁላችንም የከፈልነውን እናውቃለን።

ስለዚህ አራት ቀን ካላችሁ ሁለተኛው ምሽት ላይ አድርጉት። ሦስተኛውስ ብትይኝ፣ እሱን ለመጠባበቂያ ተዪው። ልጅ ሊያተኩሰው ይችላል፣ ዝናብ ሊጥል ይችላል፣ ቤቱ ራሱ ሾው ሊሰርዝ ይችላል፣ ያኔ ወደ ሦስተኛው ትገፊዋለሽ፣ አራተኛው ላይ ደሞ ሻንጣ እየከተታችሁ ነው። እና ሌላ ደሞ፣ የሾው ቀን ቀኑን ሙሉ ስትዞሩ አትዋሉ። ይሄን ሰው ሁሉ ይረሳዋል፣ ከጠዋት እስከ ማታ መዝናኛ ፓርክ ሲንከራተቱ ውለው እግራቸው አብጦ ይመጡና ‹ሾው ደባሪ ነበር› ይላሉ። ደባሪ አልነበረም፣ አንተ ደክመህ ነው። ጠዋት ወጣ በሉ፣ ምሳ ቀለል አድርጉ፣ ከሰዓት ወደ ሆቴል ተመልሳችሁ ትንሿን አስተኟት፣ አማትሽም ጋደም ይበሉ። የቀኑን ፕሮግራም በባልሽ ጉልበት ሳይሆን ቶሎ በሚደክመው ሰው ጉልበት ለኪው፣ እናንተ ቤት ደሞ እንደዚህ ያለ ሰው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው።

ወደ ሾው ልመለስ። ባልሽ ያየው የትኛውን ዓይነት እንደሆነ አልነገርሽኝም፣ ይሄ ደሞ ወሳኝ ነገር ነው፣ ምክንያቱም እራትና ሾው አንድ ላይ ስለተባለ ሁሉም አንድ አይደለም። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

የድሮው ዓይነት እውነተኛ ቲያትር ነው። አሜሪካ ውስጥ የዚህ ነገር መጀመሪያ እየተባለ የሚጠቀሰው በርክስዴል ቲያትር ነው፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ቨርጂኒያ ውስጥ ሃኖቨር ታቨርን የሚባል አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር የጀመረው። እንዲህ ዓይነት ቦታ መጀመሪያ ይበላል፣ ብዙ ጊዜ ቡፌ ነው፣ ከዛ ሳህኑ ይነሳና ድራማው ወይ ሙዚቃዊ ቲያትሩ ይጀምራል፣ እረፍት ላይ ጣፋጭና ቡና ይመጣል። ለባልና ሚስት ምርጥ ነው። ለእናንተ ግን አልመክርም፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወሬ ነው፣ አማትሽ ምን እንደሚባል ሳይገባቸው ለሰው ይሉኝታ ብለው ፈገግ እያሉ ይቀመጣሉ፣ ያ ፈገግታ ደሞ አንቺን ነው የሚጨርስሽ። ‹ገዳዩ ማነው› እያሉ ተመልካቹን የሚያሳትፉትም እንደዛው ናቸው፣ ሙሉ በሙሉ ቋንቋ ላይ ነው የቆሙት፣ ቀልዱ ካልገባሽ ምንም የለም።

ካባሬ የሚባለው ደሞ አለ፣ የፓሪሱ ሙላን ሩዥ ከ1889 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ላባ፣ ጭፈራ፣ ሻምፓኝ፣ ሁሉም ያምራል፣ ግን ጡታቸው ያልተሸፈነ ጨፋሪዎች አሉበት፣ ከ6 ዓመት በታች ልጅም አያስገቡም። እራቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይጀምርና ሾው 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ትንሿ እንግዲህ በዛ ሰዓት ሰው አይደለችም ብለሽኛል። ባልሽ ያየው ይሄን ከሆነ እናቱን አጠገቡ አስቀምጦ ምን ሊል እንዳሰበ ጠይቂልኝ።

ለእናንተ ሚሆነው ፈረስና ሰርከስ ያለበት ነው። ሚዲቫል ታይምስ የሚባለውን ሰምተሽ ይሆናል፣ ከስፔን ማዮርካ የመጣ ሐሳብ ነው፣ አሜሪካ የመጀመሪያው በ1983 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ኪሲሚ ተከፈተ፣ የብረት ልብስ የለበሱ ፈረሰኞች ሜዳ ላይ ይፋለማሉ፣ አዳራሹ በቀለም የተከፋፈለ ስለሆነ የአንቺ ረድፍ ቢጫ ከሆነ ለቢጫው ፈረሰኛ ትጮሂያለሽ። በቃ ይሄው ነው ታሪኩ። ቋንቋ ባትሰሚም ማን እንደወደቀ ታያለሽ። ቴኔሲ ፒጅን ፎርጅ ያለው የዘፋኟ የዶሊ ፓርተን ስታምፒድ ደሞ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ እሱም ፈረስ ነው። ሁለቱም ጋ ሹካና ማንኪያ የለም፣ በእጅ ነው ሚበላው፣ ሾርባው እንኳ ከነሳህኑ አንስቶ ነው ሚጠጣው፣ አማትሽ በዚህ እንደማይቸገሩ እገምታለሁ። ፍሎሪዳ ዲዝኒ ዎርልድ ውስጥ ያለው ሁፕ ዲ ዱ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው፣ ዘፈንና ቀልድ ይበዛዋል፣ ልጆች ይወዱታል፣ ለአማትሽ ግን ከፈረሱ ያንስባቸዋል ባይ ነኝ። የሃዋዩ ሉአው ውጭ ሜዳ ላይ ነው፣ ጭፈራና እሳት፣ ብዙ ጊዜ ቡፌ ስለሆነ ሥጋ ለማይበላ ሰው ምርጫ አለው፣ ችግሩ ዝናብ ነው።

አሁን ስለ ምግቡ። እዚህ ጋ ተጠንቀቂ፣ ምክንያቱም ከሾው ተኮራርፎ የሚመለስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚኮራረፈው በምግቡ ነው። ሬስቶራንት የገባሽ እንዳይመስልሽ። ሬስቶራንት ውስጥ ሼፉ አንቺን ነው የሚጠብቀው፣ እዚህ ግን ፈረሱን ነው የሚጠብቀው። ብዙ መቶ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ዓይነት ሳህን ነው የሚቀርብለት፣ ሾርባው በዚህ ትዕይንት፣ ዶሮው በዚያ ትዕይንት ተብሎ ተቆጥሮ ነው። አንዴ ቁጭ ብዬ አስተናጋጆቹን ሳይ ሾውን ረስቼው ነበር፣ አንዱ ልጅ ትልቅ ሰሃን ሙሉ ዶሮ በግራ ትከሻው ተሸክሞ በጨለማ ደረጃ ይወርዳል፣ ዓይኑን ከመድረኩ ሳይነቅል፣ ከበሮው ሲመታ ነው ማስቀመጥ ያለበት፣ በቀኝ እጁ መቆንጠጫውን ይዞ ጠብ ጠብ ጠብ አድርጎ አለፈ፣ አንድም አላሳተም። እንዲህ ባለ ሥራ መሃል ‹ይቅርታ እኔ ሥጋ አልበላም› ብትይው ልጁ ምን ያድርግልሽ?

ስለዚህ የአማትሽን ነገር ሦስቴ ተናገሪ። ቲኬቱን ስትቆርጡ አንዴ፣ ብዙዎቹ ቡኪንጉ ላይ መጻፊያ ቦታ አላቸው። ከሾው ሁለት ሦስት ቀን በፊት ደውለሽ ወይ ኢሜይል አድርገሽ ደግሞ አንዴ። ከዛ እንደተቀመጣችሁ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ለአስተናጋጁ። አስቀድሞ ለጠየቀ ብዙዎቹ ሥጋ የሌለው ሳህን ያዘጋጃሉ፣ ከላይ የጠራኋቸው የፈረስ ቤቶችም አላቸው። እና ስትጠይቂ ‹ሥጋ የለውም ወይ› ብቻ አትበዪ፣ ‹ሾርባው በሥጋ መረቅ ነው ወይ የተሠራው› በዪ፣ የአትክልት ሾርባ ተብሎ በዶሮ መረቅ የተሠራ ሞልቷል። ለማንኛውም ግን ከመውጣታችሁ በፊት ሆቴል ውስጥ የሆነ ነገር አስቀምሺያቸው፣ ባዶ ሆዳቸውን ይዘሽ እንዳትወጪ። የልጆቹም እንደዛው፣ ትንሽ ነገር።

ሰዓት። እንዲህ ያሉ ቦታዎች፣ በተለይ ሰው በሚበዛበት ወቅት፣ በአንድ ምሽት ሁለት ዙር አንዳንዴም ሦስት አላቸው። የመጀመሪያውን ያዙ፣ ከቀኑ 11 ወይ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ሚጀምረውን፣ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ትንሿ ከመበላሸቷ በፊት መኪና ውስጥ ናችሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ቅናሽ ሊኖር ይችላል፣ ባልሽ እሱን ያይና ደስ ይለዋል፣ እንዳትሰሚው። ቲኬቱ ላይ 6:00 ካለ ደሞ ለእኛ 12 ሰዓት መሆኑን ለራስሽ ጻፊው፣ እየሳቅሽ ይሆናል፣ ግን ስልኩ ላይ በራሱ አቆጣጠር ጽፎ ሾው አልቆ የደረሰ ሰው አውቃለሁ። እና በሩ የሚከፈተው ከሾው በፊት ነው፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ፓርኪንግ አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ሽንት ቤት አለ። ሽንት ቤቱ ቀልድ አይደለም፣ ሁሉንም አስኪጂያቸውና ግቡ።

የት እንቀመጥ ላልሽው። ፊት ለፊት ያለው ውዱ ወንበር ለናንተ አይደለም። አንደኛ አቧራና ውሃ ይረጫል፣ ሁለተኛ ተዋናዮቹ ሰው ጎትተው መድረክ የሚያወጡት ከፊት ነው፣ አማትሽ ሳይገባቸው መሃል ሜዳ ላይ ቆመው ሲጨበጨብላቸው ይታይሽ። ሦስተኛ ደሞ መድረኩ ከፍ ያለ ከሆነ አንገት ያማል። ከመሃል ረድፍ፣ ከመተላለፊያው ዳር ያለውን ያዙ፣ ትንሿን ይዞ መውጣት ቢያስፈልግ አሥር ሰው ሳታስነሺ ትወጫለሽ። ቡክ ስታደርጉ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ድምጽ ማጉያው የት ጋ ነው፣ ደረጃው ስንት ነው፣ ፍንዳታና ጭስ አለ ወይ። ጆሮ ከበድ ሲል ሰው ሁሉ ‹እንግዲያው ድምጽ አይረብሻቸውም› ይላል፣ ተሳስቷል፣ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፣ ወሬው አይሰማም፣ ጩኸቱ ግን ይወጋል። ስለዚህ ከማጉያው ራቅ አድርጊያቸው። የፈረሱ አዳራሽ እንደ ስታዲየም ቁልቁል ስለሆነ ጉልበታቸው ካመማቸው ደረጃ የሌለውን በኩል ቀድመሽ አስይዢ። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ወይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የማይስማማው ሰው ካለም አስቀድሞ መጠየቅ ነው፣ ፈረስ አለርጂ የሚሆንበት ሰውም አለ።

አንድ ነገር ደሞ፣ ጠረጴዛው የእናንተ ብቻ ላይሆን ይችላል። ብዙ ቦታ ረጅም ጠረጴዛ ነው፣ ከማታውቂው ቤተሰብ ጋር ትከሻ ለትከሻ። እኔ እወደዋለሁ፣ ባልሽ ደባሪ ነው ካለ ግን ቀድሞ ይወቀው። የአዳራሹ ማቀዝቀዣም አይጣል ነው፣ ሹራብ ያዙ፣ በተለይ ለእሳቸው።

ገንዘቡ። ያየሽው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም፣ ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል፣ ጉርሻ ብዙ ጊዜ አልተካተተም፣ ለስላሳው ቢካተትም አልኮሉ ለብቻ ነው። ስለዚህ አምስት ጊዜ ያባዛሽውን ከመክፈልሽ በፊት እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ሂጂና የሚወጣውን ቁጥር እዪ፣ የምትወስኚው በሱ ነው። የልጅ ዋጋ ስንት ዓመት ድረስ እንደሆነ ከቤት ቤት ይለያያል፣ ጠይቂ። ከቤቱ ከራሱ ዌብሳይት ግዙ፣ መሃል ገብተው ከሚሸጡት ከሆነ ግን ወንበር የመምረጥና የመሰረዝ መብት ሊቀርባችሁ ይችላል፣ መጠባበቂያ ምሽት ያዙ ያልኩሽም ቀን መቀየር ከተፈቀደ ነው የሚሠራው፣ ያንን አንብቢ።

እና ቱሪስት በሚበዛበት ከተማ መንገድ ላይ ወይ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ፈገግ ያለ ሰው ‹የሾው ቲኬት በነጻ ልስጥህ› ካለው ባልሽ እጁን እንዳይዘረጋ። ነጻ አይደለም። በዓመት የተወሰነ ሳምንት ብቻ የምትጠቀሚበት የእረፍት ቤት ድርሻ ሊሸጡላችሁ ነው፣ ‹ዘጠና ደቂቃ ብቻ› ብለው ቁጭ ያደርጓችኋል፣ ከዛ አንዱ ሄዶ አለቃው ይመጣል፣ አለቃው ሄዶ ሌላ ይመጣል፣ ከአራት ቀን እረፍት ላይ ግማሽ ቀን በሉባችሁ ማለት ነው፣ ያውም ሳትፈርሙ ከወጣችሁ።

መግቢያው ላይ ፎቶ ያነሷችኋል፣ ዘውድ ያደረገ ሰው አጠገብ አቁመው። ተነሱ፣ ችግር የለውም፣ መግዛት ግዴታ አይደለም፣ ብዙ ሰው ግዴታ ይመስለውና ይከፍላል። ሰይፍ፣ ባንዲራ፣ የሚበራ ምናምን የሚሸጡም አሉ፣ ለወንዱ ልጅ ሳትገቡ በፊት ‹አንድ ነገር ብቻ› ብለሽ ተስማሚ፣ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ድርድር የለም። ሲያልቅ ደሞ ያ ሁሉ ሰው አንዴ ነው ሚወጣው፣ ታክሲ የምትጠሩ ከሆነ ዋጋው በዛች ደቂቃ ይሰቀላል፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ቆዩ፣ ልጆቹን ፈረሶቹን አሳዩአቸው፣ አንዳንድ ቦታ ከጋጣው በመስታወት ያሳያሉ።

ለባልሽ እንዴት ልንገረው ካልሽ፣ ‹አልፈልግም› አትበዪው፣ ‹ሁለተኛው ምሽት፣ የመጀመሪያው ዙር፣ መሃል ረድፍ ዳር› በዪው። ሰው ልቡ የሄደበትን ነገር ይቅር ስትዪው ይከራከርሻል፣ ቀንና ወንበር ስትነግሪው ግን ስልኩን አውጥቶ ይፈልጋል።

አሁን ደብዳቤሽን ሳነብ የገረመኝን ልንገርሽ። ስለ አማትሽ ብዙ ጽፈሻል፣ ሥጋ አይበሉም፣ አይሰሙም፣ ቋንቋ የለም። ግን እሳቸውን ጠይቀናቸው እንዲህ አሉ የሚል አንድ ቃል አላየሁም። ባልሽም አንቺም እሳቸውን ሳትጠይቁ በእሳቸው ስም ነው የምትከራከሩት። ምናልባት ፈረስ ይወዳሉ፣ ማን ያውቃል። ምናልባት ደሞ ‹ልጆቼ እናንተ ሂዱ እኔ ልረፍ› ይላሉ፣ ያኔ እሺ በሏቸው፣ ግን ‹እንግዲያው ትንሿን ያዙልን› እንዳትሉ፣ እረፍት የወጡት እሳቸውም ናቸው።

እነዚህ ቤቶች ሁሉ አጭር ቪዲዮ አላቸው፣ ሁለት ደቂቃ ብትሆን ነው። ዛሬ ማታ ቡና ስትጠጡ ስልክሽን አውጥተሽ አጠገባቸው ቁጭ በይ፣ ምንም ሳታብራሪ አሳዪያቸው፣ ድምጹንም ክፈቺው። ቪዲዮውን ሳይሆን ፊታቸውን እዪ። ፈረሱ ሲወጣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ካሉ አምስት ቲኬት ቁረጡ፣ ጠጋ ካላሉ አራት።